የጋራዡን በር ለተማሪ ያስከፈቱት መምህር ካሣዬ ወልደሥላሴ

ከሐረርና ከድሬዳዋ መንገድ አቋርጣችሁ የደረሳችሁ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶች፣ እኛ በኮሌጁ አብረናቸው ያስተማርን፣ ከፊታችሁ ያረፉትን የመምህር ካሣዬ ወልደሥላሴን ኑሮ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እናሰማችኋለን። የሞተ ሰው ሁሉ ገርና ዝምተኛ ነበር ይባላል፤ እሳቸው ግን ገርም ዝምተኛም አልነበሩም፤ እኛም በአስከሬናቸው ፊት አንዋሽም።

መምህር ካሣዬ ከአባታቸው ከአምሳ አለቃ ወልደሥላሴ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኘሁ ደምሴ በ1966 ዓ.ም. እዚሁ ጅግጅጋ ተወለዱ። ገና ድክ ድክ ሲሉ ጦርነት ደርሶ አባታቸው በግንባር ሲወድቁ፣ እናታቸው አዝለዋቸው በእግራቸው ወደ ሐረር ሸሹ፤ በዚያም የሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጓቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐረር አጠናቀው፣ በድሬዳዋ የመኪና ጥገና ሙያ ሠልጥነው፣ በከባድ መኪና ጋራዦች ለዓመታት ሠርተው እጃቸው ከዳበረ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአሠልጣኝነት ተቀጠሩ። ከወይዘሮ እናትአለም ተክሌ ጋርም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ናሁሰናይንና ቤዛን ወልደዋል።

ኮሌጁ የትብብር ሥልጠና የሚባለውን፣ ማለትም ተማሪው ከፊሉን ጊዜ በክፍል ከፊሉን ደግሞ በከተማው ጋራዥና ብረታ ብረት ቤት የሚማርበትን አሠራር እንዲያስተባብሩ ኃላፊነት ሲሰጣቸው፣ የዕድሜ ልክ ጠባቸው ያኔ ተጀመረ። አሠራሩ ሲነገር ያማረ ነበር፤ ባለጋራዦቹ ግን ተማሪውን ሻይ ያስመጡታል፣ ጫት ያስገዙታል፣ ወለል ያስጠርጉታል እንጂ የደንበኛ ሞተር አያስነኩትም፤ ሲጠየቁም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ያሾፋሉ። መምህር ካሣዬም «ሳይነካ በምኑ ይማር?» እያሉ ከበር በር ሲጨቃጨቁ ውለው ድምፃቸው ዘግቶ ይገቡ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አቶ ካሂን ጋራዥ ጎራ ሲሉ፣ አንድ ተማሪ መደገፊያ ባልተደረገለት፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ አይሱዙ ሥር ገብቶ አገኙት። ልጁን በእግሩ ጎትተው አወጡና ወደ አቶ ካሂን ዞረው በቡጢ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን አረገፉ። በዚህም ጣቢያ አድረዋል፤ ከመሥሪያ ቤታቸውም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ አቶ ካሂንም ደማቸውን እየተፉ፣ ከእንግዲህ ተማሪ የሚባል ደጃቸውን ቢረግጥ ወላሂ እግሩን እንደሚሰብሩ ምለዋል። ከተማው ሁሉ የሁለቱን ደመኝነት አወቀ።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማችን ስትታመስ፣ ወይዘሮ እናትአለም ልጆቹን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር። መምህር ካሣዬ ከኮሌጁ ወደ ቤተሰባቸው ሲሮጡ፣ ጎረቤታቸው በደጁ ላይ ተወግሮ ሲሞት አዩ፤ ቤታቸውም ይነድ ነበር። ዱላና ገጀራ የያዙ ወጣቶች አሳደዷቸው፤ ራሳቸውንም ፈነከቷቸው። ደማቸው ዓይናቸውን ሸፍኖት ሲደናበሩ ክፍት ሆኖ ያገኙት በር የአቶ ካሂን ጋራዥ ብቻ ነበርና፣ ከሁለቱ ሞት አንዱን መርጠው ገቡ። አቶ ካሂን ለመኪና ጥገና ወደተቆፈረው ጉድጓድ ገፍተው ከተቷቸው፤ በጉድጓዱም ላይ መኪና ነድተው አቆሙና ብረት ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። አሳዳጆቹ ደርሰው ሰውየው የት ገባ ሲሉ፣ አቶ ካሂን የወለቀ ጥርሳቸውን እያሳዩ «እሱን ማን አስቀድሞ ሊገድልብኝ ነው? ባገኘው ለእናንተ አልተወውም!» አሉ። ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ጋራዡን በፈተሹ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ግን አምነው ሄዱ።

መምህር ካሣዬ በጉድጓዱ ውስጥ ሳሉ ከሚጮኹት መካከል የአንዱን ድምፅ ለዩት፤ ባለጋራዥ ሁሉ አልቀበልም ብሎት፣ ልምምዱን ሳይጨርስ ኮሌጁን ጥሎ የወጣ የራሳቸው ተማሪ ነበር። ከፍንክቱ ይልቅ ይህ አሳመማቸው። ከተማው ሲረጋጋ ወይዘሮ እናትአለም «ልጆቼን ይዤ ሐረር እገባለሁ» ብለው ቢያለቅሱና እኛም ብንቆጣቸው፣ «ሥራ ያልነካ እጅ ድንጋይ ያነሣል፤ እኔ ጥዬው ብሄድ ማን ያስነካዋል?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። በፋሻ እንደተጠቀለሉም ሄደው የአቶ ካሂንን ጉልበት ስመው ይቅርታ ለመኑ። አቶ ካሂንም «መዓሊን»፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ «ጥርሴን አትመልስልኝም፤ ተማሪ አምጣልኝ» አሏቸው።

ከመጡት ተማሪዎች አንዷ ሳብሪን ነበረች። ከቶጎጫሌ ጭነት ይዞ የመጣ ሾፌር ሴት ልጅ ሞተሩ ውስጥ ገብታ ቢያይ በጥፊ አጮላት፤ አቶ ካሂን ማንቁርቱን ይዘው ሊደፉት ሲሉ፣ ገላጋይ ሆነው መካከል የገቡት መምህር ካሣዬ ነበሩ። እኛ ይህን ስንሰማ የሳቅነውን ሳቅ እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወደዱትም። ከዚያ ወዲህ በከተማውና በዙሪያው ያሉ በሮች ቀስ በቀስ ተከፈቱ።

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ቱሊ ጉሌድ በሚገኝ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተማሪዎቻቸውን ሊጎበኙ ወረዱ። የቤቱ ባለቤት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ተለማማጆች ስላገኙ የቆየ በያጃቸውን አሰናብተው ኖሮ፣ የተባረረው በያጅ «እንጀራዬን የቀማኸኝ አንተ ነህ!» ብሎ በብረት ቱቦ ደጋግሞ ራሳቸውን መታቸው። ተማሪዎቹ ከበው ሊገድሉት ሲሉ፣ በደም ተነክረው በጉልበታቸው እየዳሁ ደርሰው በላዩ ላይ ወደቁበትና አዳኑት። ሆስፒታል በተኙባቸው ቀናት ልሳናቸው ሲመለስ የሚናገሩት ይህንኑ ነበር፤ ሰውየው እውነት አለው፣ ተማሪ ያስገባሁት ሠራተኛ ለማስወጣት አልነበረም፣ ወደ ሥራው መልሱት ይሉ ነበር። በአደራቸው መሠረት ሰውየው ከእስር ሲወጣ ወደ ሥራው እንዲመለስ አስማምተናል። ይቅርታውን ግን ገና አልቻልንም፤ ልባችን አሁንም ይነዳል።

ሁለተኛው አደራቸው፣ ለቀብራቸው ሲባል አንድም ተማሪ ከሥራው እንዳይወጣ ነበር። ይህን ስንሰማ ተቆጣን፤ ያሳደጓቸው ልጆች ሳይሸኟቸው እንዴት ይቀበራሉ ብለን አደራው ይጠበቅ ካሉት ከወይዘሮ እናትአለም ጋርም ተጣላን።

መምህር ካሣዬ ከዚያ ጉዳት ሳይድኑ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። እናታቸውን ወይዘሮ እታገኘሁን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናትአለምን፣ ልጆቻቸውን ናሁሰናይንና ቤዛን፣ ወንድሜ ይሏቸው የነበሩትን አቶ ካሂንንም በሐዘን ትተዋል። ለነፍሳቸው ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ሥፍራ ይስጥልን፤ ለእኛም ይቅር የሚል ልብ ይፍጠርልን። ሐዘንተኞች ሆይ፣ ወደ አጥሩ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ የከተማው ባለጋራዦች አንድም ሳይቀር እዚህ ቆመዋል። ከጋራዦቻቸው ግን ዛሬ አንዱም አልተዘጋም፤ ቁልፉን ለተማሪዎች ሰጥተው መጥተዋል። የአቶ ካሂንንም ሳብሪን ይዛዋለች።