ከሦስተኛ ፎቅ የተሰማ ስግደት

በእኛ ጊዜ ሰው መሬት ላይ ነበር የሚኖረው፤ ከእግራችሁ በታች ያለው ምስጥ ብቻ ነው፣ ምስጥ ደግሞ ሄዶ አይከስስም። አቃቂ ፋብሪካው ሰፈር ሳለሁ በሁዳዴ ንጋት ላይ ተነስቼ ስሰግድ ማን ምን ይለኛል? ማንም! ታዲያ ልጄ አልማዝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራየችና ይዛኝ ሄደች፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እና ሁዳዴ ገባ፣ እና እኔም እንደ ልማዴ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጉልበቴን ደግሞ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክር ማሽን ላይ ቆሜ ሠርቼበታለሁ፣ ዛሬም ሰግጄበት «ወይኔ» አይልም!

ታዲያ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች የሚኖረው ሰይድ ነው፣ የወሎ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጦ። «ማዘር» አለኝ፣ እንዲህ ግንባሩን ይዞ፣ «ይቅርታ ማዘር፣ በርበሬውን ቀን ላይ ቢወቅጡት ምናለበት? ከመንገድ ደክሜ ገብቼ ጣሪያው ራሴ ላይ ሊወርድ ነው!» በርበሬ! አፌን ሳልከፍት አልማዝ ቀደመችኝና «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለመደንም» ብላ ሸኘችው። በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች፦ «እማ፣ ተከራይ ነን እኮ! ለአከራይዋ ቢነግርብን የት ልንገባ ነው? ቁጭ ብለሽ ጸልዪ፣ እግዜር ቁጭ ያለ አይሰማም?»

ይሰማል፣ ማን አይሰማም አለ? እና በማግስቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን ደገምኩ። ምን ልበላችሁ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ደስታዬ የለችም! እናንተ ጾም ሲባል ረሃብ፣ ስግደት ሲባል ቅጣት ይመስላችኋል አይደል? አይደለም ልጆቼ፣ አይደለም። መጀመሪያ ወገብ ይጮኻል፣ እና ትንሽ ቆይቶ ሰውነት ይሞቃል፣ እና ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ መዝለል ነው የሚያምረኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ የምቀምሳት ሽሮ ደግሞ፣ እናንተ ሆቴል የምትበሉት ክትፎ አያክላትም! ይሄን ደስታ ነው እንግዲህ ተዪው የተባልኩት። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ታዲያ አልቻልኩም፣ ነጠላዬን ለበስኩና ራሴ ወረድኩ። «ልጄ ሰይድ» አልኩት፣ «እኔ በርበሬ አልወቅጥም። እየሰገድኩ ነው። ጌታዬ ፊት ነው የምወድቀው።»

ሰይድ ክው አለ። «ስግደት? በዚያ ሰዓት? አስተግፊሩላህ!» አፉን ያዘ። «እኔ የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ፣ እያመለጠኝ ተጋድሜ እርስዎን ዝም ይበሉ እላለሁ! ወላሂ ማዘር፣ ይስገዱ፣ ጣሪያውም ይውረድ!»

ሰገድኩ! አልማዝ «ቀስ» ትለኛለች፣ እኔ ፈቃድ አግኝቼ ጭራሽ ብሶብኛል፣ ዱብ! እና ቅዳሜና እሁድ እንደማይሰገድ ሰይድም ለመደው፣ እና እንዲህ እያልን ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾምም የለ፣ ስግደትም የለ፣ ታውቃላችሁ። እሱ ግን በምን ይወቅ?

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሊሰበር ደረሰ። «ማዘር! ማዘር! አልማዝ ክፈቺ!» ሮጬ ከፈትኩ፣ እጄ ላይ የዶሮ ቅልጥም። ሰይድ እኔን ያያል፣ ቅልጥሙን ያያል። «አልሀምዱሊላህ» አለና ግድግዳውን ተደገፈ፣ «ሰኞ ዝም፣ ማክሰኞ ዝም፣ ዛሬም ዝም! ሞተዋል ብዬ እኮ ነው!»

«ሃምሳው ነው ልጄ፣ አይሰገድም» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጰራቅሊጦስ።»

ፊቱን ብታዩት! «ኧረ ማዘር! እኔስ? በእርስዎ ስግደት እኮ ነው ለሱብሂ የምነሳው! ይኸው ሰሞኑን እያመለጠኝ ነው!»

አልማዝ ከኋላዬ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ ብላኝ አታውቅም። እና እኔ ኮራሁ፣ አዎ ኮራሁ! ጾመኛ አይኮራም ትሉኝ ይሆናል፤ እሱን ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ። ቀኖና ቢሰጡኝ ያው ስግደት አይደል የሚሰጡኝ? ቂ ቂ ቂ! ይጨምሩልኝ!