ለቅሶ የማይቀሩት ተመራጭ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይመስለኛል። ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ሴትዮና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። የምክር ቤት ተመራጫችንን የአቶ ደምሴን ፎቶግራፍ አጥር ላይ ተለጥፎ ሲያዩ ወሬ ጀመሩ።

«ዘንድሮም ሊወዳደሩ ነው እንዴ?» አለ ጎልማሳው።

«አምስተኛ ጊዜው ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ትመርጠዋለህ?»

«መምረጤ አይቀርም።»

«ለሰፈራችሁ ምን ሠራ?»

«ምንም።»

«ውሃ መጣ?»

«በሳምንት አንዴ፣ እሷም ደስ ካላት።»

«ታዲያ ምን አድርጎልህ ነው?»

«እማማ፣ ሰውዬው ለቅሶ አይቀሩማ! አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልወጡም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይካዳል?»

«የኔ እናት ስትሞት ግን በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው።»

«ሌላ ለቅሶ ይዟቸው ይሆናል፣ ይቅር ይበሏቸው።»

«ለገዛ አማቱ?»

«እንዴ! ባለቤትዎ ናቸው?»

«ከስብሰባና ከሰው ለቅሶ ሲተርፍ፣ አዎ። እባክህ ልጄ፣ አትምረጠው። ለእድርተኞቹም ንገርልኝ። አንድ ፋሲካ እንኳ አብሮኝ ይፈስክ።»

«ሲሸነፉ ግን ማዘናቸው አይቀርም።»

«ይዘን! ድንኳን ጥዬ አጽናናዋለሁ።»

ታክሲው ሁሉ ሲስቅ እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት ክንዴን ደግፈው ወደ ቤት የመለሱኝ፣ ሦስቱንም ቀን ከጎኔ ያልተለዩኝ አቶ ደምሴ ነበሩ።