ጋኑ እቤት፣ ሠሪዋ እደጅ

በእኛ ጊዜማ ልጄ፣ ሸክላ ሠሪ እድር አይገባም ነበር። ደርግ ወድቆ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው እየተባለ በየስብሰባው ሲነገር እንኳ፣ እኛ ሰፈር አይገባም። ሳቅህ መምህር? እኔ አልሳቅሁም። እናቴ ስትሞት ተሸክመናት የሄድነው እኔ፣ ባሌና ሁለት ወንድሞቼ ብቻ ነን፣ እና መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ እንዳላየ ፊቱን ያዞር ነበር። ያን ቀን፣ እኔስ እንዲህ አልቀበርም አልሁ።

ታዲያ የእድሩ ዳኛ አያ ተገኘ ዘንድ ሄድሁ። «አያ ተገኘ፣ መዝግበኝ» አልሁት። እሱ ሆዬ ቃሉን ጎተት፣ ጎተት አድርጎ፣ «እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ሰዉ ነው እንጂ። ቡዳ ናት፣ ከሷ ጋር አንቆርስም ይላል» አለኝ።

«በሠራሁት ድስትስ ወጥ የሚሠራው ማን ነው?»

«እሱ ሌላ ነው።»

እሱ ሌላ ነው አለኝ፣ ሰማኸኝ?

ታዲያ ብዙም አልቆየ፣ የአባቱ ተዝካር ደረሰ። ሚስቱ መጣች፣ እና አልገባም ብላ ከደጅ ቆማ፣ «እቴዋ፣ ትልልቆቹን ጋኖች አውሽን፣ የኛው ተሰነጠቀብን» አለች። ጋን መዋዋስ እኛ አገር ያለ ነው፣ ማንም አይከለክል። ሦስቱን በጎመን ዘር አሟሽቼ፣ ጠብታ እንዳያወጡ አድርጌ ሰጠኋት። ባሌ «አበድሽ እንዴ?» ቢለኝ፣ «አንተ ዝም በል» አልሁት።

የተዝካሩ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁና ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ቁጭ አልሁ። ጎኔ ያለችው ሸሸት አለች፣ ከሷ ቀጥላ ያለችውም ሸሸት አለች፣ መደቡ ለብቻዬ ቀረ። ታዲያ አያ ተገኘ መጣ።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም። ጋኖቼን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ጠላ አለባቸው እኮ!»

«አይቻለሁ። ድፉትና ስጡኝ። የቡዳ እጅ በነካው ምን አስጠጣችሁ?»

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር። ቢደፉትስ? ጠላውም ቀረ፣ እድሩም ቀረ። ግን ንቅንቅ አላልሁም። ታዲያ አንድ ሽማግሌ፣ ዋንጫቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «ተገኘ፣ ጠላው ከሚደፋ ሴትዮዋ ትመዝገብ» አሉ። ሰዉ በሙሉ ሳቀ፣ እና አንዴ ከሳቀ ወዲያ ማን «አይሆንም» ይበል? አያ ተገኘ እንኳ «እኔማ ድሮም እሺ ብዬ ነበር» አለ። ድሮም አለ እኮ፣ ያ ውሸታም።

ያን ዕለት ተመዘገብሁ። ባሌን የቀበረው እድሩ ነው፣ አያ ተገኘም ቃሬዛውን ተሸክሟል።

«ታዲያ ይቅር አሏቸው፣ እማማ?»

ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ጋኖቹን ግን እስከ ዛሬ አልሸጥሁላቸውም፣ በውሰት ነው። ደግሞ ደጅ ቆሞ የሚጠይቀኝ የለም። (እየሳቁ) ጋን የፈለገ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከኔ ጋር ከአንድ ገበታ ይቆርሳል። ከዚያ ይወስዳል።