ወደ አዲሱ ሰርቨር ያልተሻገረው ተረት

ብሎጌ ያለበት ሰርቨር ሊዘጋ ነው ሲባል፣ ጽሑፎቼን ወደ አዲስ ለማዛወር ሰቆጣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ከሁሉ የምሳሳለት አባቴ በቋንቋችን በኽምጣኛ የነገሩኝን የተከዜ ተረት ነበር፤ ከአፋቸው እየሰማሁ ቃል በቃል የጻፍኩት ነው። ዝውውሩ እንዳለቀ ከፈትኩት። ፎቶዎቹ በቦታቸው አሉ፤ ፊደሉ ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ወደ አሮጌው ብመለስ ተዘግቷል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ አላስቀረሁም።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ “አባዬ፣ እስቲ ያን የተከዜውን ተረት እንደገና ይንገሩኝ” አልኳቸው። ደስ ብሏቸው በኽምጣኛ ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ፤ እዚያው ቦታ ሲደርሱ አሁንም ጠፋቸው።

“እርጅና ነው ልጄ” አሉ። “አንተ ጽፈኸው የለም? አንብብልኝና ይመጣልኛል።”

ስልኬን አውጥቼ እነዚያን የጥያቄ ምልክቶች አየሁ። ጠፋ ማለት አቃተኝ። “ኔትወርክ የለም” አልኳቸው።

“ግድ የለም፣ ሲመጣ ታነብልኛለህ።”

ያን ተረት የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። አባቴ ግን ከሥራ በገባሁ ቁጥር፣ “ኔትወርኩ መጣ?” ይሉኛል። “ገና ነው” እላቸዋለሁ።