ኮሌታ የሚያስገለብጡት እንግዳ

እንደምን አደርሽ እጸገነት። ማሽንሽ ተሻለው? ትናንት እስከ እኔ ቤት ድረስ ሲያስነጥስ ይሰማኝ ነበር… ዘይት ባታጠጪው ነው እንጂ እሱስ ምን አጠፋ። እኔ አልቸኩልም፤ ይቺን ቀሚስ እንድታሳጥሪልኝ ነው የመጣሁት። እኔው እያጠርኩ ነው መሰለኝ ጫፏ የካዛንቺስን መንገድ መጥረግ ጀምራለች። ቂርቆስን ተሳልሜ ስመለስ በሩ ክፍት ሆኖ ባየው ገባሁ።

ውይ… ሰው አለሽ ለካ። ጌታዬ እንደምን አደሩ። አይነሡ፣ አይነሡ፣ በሞቴ። ጋዜጣዎን ያንብቡ፤ ለእኔ ይቺ በርጩማ ትበቃኛለች።

ቀስ ብለን እናውራ፣ እንግዳሽን እንዳንረብሻቸው። የተማረ ሰው ጋዜጣ ከያዘ ግን ምንም አይሰማም ይላሉ… እውነት ነው?

ያ ነጭ ሸሚዝ የማነው? የእሳቸው? ጨርቁ ደህና ነው። ኮሌታውን ሊያስገለብጡት? ደግ አደረጉ። ከሥራሽ ሁሉ ይሄን ነው የምወድልሽ። ያለቀው ፊት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያልታየው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያየ ሁሉ አዲስ ሸሚዝ መስሎት በደስታ ልበሰው ይላል… ውስጡን የምታውቁት አንቺና ባለቤቱ ብቻ ናችሁ። ግን ልጠይቅሽ እስቲ፣ ኮሌታ ስንቴ ይገለበጣል? አንዴ ብቻ ነው? ሁለተኛው ፊት ካለቀ ሦስተኛ የለውም ማለት ነው… እዪው እንግዲህ። እኔ ደግሞ የሚያስገለብጠውን ሰው አይቶ የሚገለበጥ ይመስለኝ ነበር።

ይሄን ሳይ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ። አንቺ አታውቂውም… ብታውቂውም እንዳላወቅሽ ሁኚ። ምን የመሰለ ሰው። አነጋገሩ ማር ነው። ጠዋት የተናገረውን ማታ ራሱ ሲያፈርሰው እንኳ ከጠዋቱ ይልቅ ያምራል። ይሄ ለሁሉ ሰው ይሰጣል? አይሰጥም።

ይሄ ሰው የፓርቲ ሊቀ መንበር ነው። ፓርቲውን ታውቂዋለሽ፣ የላብ አደሮች ኅብረት የሚባለው። እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የተወለደው። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ማኅበር ማቋቋም የጀመረ ጊዜ፣ ባሌ አስመላሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቄራ ሥጋ ሲሸከም ውሎ ይመጣና እነዚህን የተማሩ ልጆች ሰብስቦ ያስቀምጣል። እኔ ንፍሮ አቀርባለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮ አለኝ፤ በር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። የተጣሉት በምን መሰለሽ? በስም። ግማሹ ወዝ አደር ይባል ይላል፣ ግማሹ ላብ አደር ይባል ይላል። በዚህ ቃል ድሮ ስንቱ ወጣት እንደተላለቀ ታውቂያለሽ? ታዲያ ያንንም ረስተው እንደገና ሊያያዙ ሲሉ፣ አስመላሽ ከጥግ ተነሣና ምን አላቸው፣ «ወዝማ የበላ ሰው ፊት ላይ ነው ያለው። እኛ ያለን ላብ ነው» አላቸው። ሳቁና ተስማሙ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ያ የምነግርሽ ሰው ነው። ያኔ ጉንጩ ገብቶ፣ ሱሪው በሲባጎ ታስሮ… አሁንማ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ወዝ አለው። ፊቱን ብታዪው መስታወት አያስፈልግሽም።

እና አሁን ስሙ ይለወጥ አለ። እሁድ እዚህ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው እጅ ሊያወጡበት ነው። «ላብ አደር» የሚለው ወጣቱን አይስብም አሉ። አዲሱ ስም «የብሩህ ለዘብተኞች ንቅናቄ» ነው። ለዘብተኛ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ግራም ቀኝም ያልሆነ ነው አሉኝ። ታዲያ ይሄ በእኛ ጊዜ መሀል ሰፋሪ ይባል የነበረው አይደለም? በስብሰባ ቆሞ መሀል ሰፋሪ ይውደም ብሎ ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸውስ ማን ነበር… አይ፣ ተሳስቼ ይሆናል። አርጅቻለሁ። ግራ ዘመም ነኝ ሲል የኖረ ሰው ግራ ቢገባው ምን ይፈረድበታል?

ደግሞ እኮ ተዉ ማለት አይቻልም። ዘመኑ ነው። እዚህ ቡልጋሪያ ኤምባሲ ጋ ስትደርሺ ወያላው ምን ብሎ ነው የሚጣራው? ቡልጋሪያ፣ ቡልጋሪያ ነው። አገሩ እንኳ ያንን ሁሉ ቀይ ባንዲራ አጣጥፎ ካስቀመጠ ስንት ጊዜው፤ የእኛ ወያላ ግን የፓርቲ ስብሰባ ጠርቶ ስሟን አለወጠም። ካዛንቺስን ጣልያን ነው የሰየማት ይባላል። ጣልያን ሄደ፣ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ እሷ ካዛንቺስ ናት። ምን ታድርግ፣ ያልተማረች ሰፈር ናት።

ስም መለወጥማ ነውር የለውም። እኔ ራሴ ለአስመላሽ ስዳር ስሜ ተለውጧል። መነን ያሉኝ የባሌ እናት ናቸው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ሌላ ነበር። ሙሽራ ስትገባ አማትየዋ ስም ታወጣለች፣ ወጉ ነው። እንግዲህ ይሄ ፓርቲ በስተርጅና ሊዳር ይሆናል… አማቲቱ ማን እንደሆነች ነው ያልነገሩን። አንድ ነገር ልንገርሽ ግን፣ ያኔ የለወጡት የእኔን ስም ነው፤ የአባቴን ስም የነካው ሰው የለም። ከስምሽ ቀጥሎ ያለውን ስም ከለወጥሽ ስም ለወጠች አይባልም፣ ሌላ ነው የሚባለው። ምን ነበር የሚባለው? … ተይው፣ እንግዳ ፊት አይነገርም።

እንግዳሽን ውሃ ስጫቸው፣ አሳላቸው። ጋዜጣቸውንም ቀና አድርጊላቸው፣ ገልብጠው ነው የያዙት። ነው ወይስ አሁን እንዲህ ሆነ አነባበቡ? እኔ ምን አውቄ።

አዎ፣ እና አርብ ዕለት ይሄ ሰው የቢሮውን ጸሐፊ ጀማነሽን ላከብኝ። ራሱ እንዳይመጣ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ትልቅ ሰው ነው። ምን አለችኝ፣ «እትዬ መነን፣ እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው አዲሱን ስም ይመርቁልን። የመሥራቹ ሚስት ከመረቁት ሽማግሎቹም እጃቸውን ያወጣሉ።» አየሽ ክብር? ባለፈው ዓመት የአስመላሽ ተዝካር ዕለት ከፓርቲው አንድ ሰው እንኳ ብቅ ሳይል እንዴት ቅር ብሎኝ ነበር መሰለሽ። ለካ ለእሁድ እያስቀመጡኝ ነው።

እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ቂርቆስ መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ድንጋዩን አላየሽውም? ይሄው ሰው ነው የሚጻፈውን በራሱ አፍ ለቀራጩ የነገረው። ቄሱ ያነቡልኛል፣ በቃሌ ነው የምይዘው። «አስመላሽ ወልደአረጋይ፣ የላብ አደሮች ኅብረት መሥራች አባል።» ከሥሩ ሌላ ነገር የለም። ዘመድ አልተጻፈ፣ ልጅ አልተጻፈ፣ ልጅም አልነበረንም። አሁን እሁድ እጅ ወጥቶ ኅብረቱ የለም ከተባለ እሱ የምን አባል ሆነ? የማን መሥራች? የሚያልፍ ሰው ቆሞ አንብቦ፣ ይሄ ሰውዬ የት ነበር የሚሠራው ቢል ማን ይመልስለታል? ጥርብ ድንጋይ ነው እኮ እጸገነት። አንቺ ኮሌታውን እንደምታደርጊው ተፈትቶ አይገለበጥም። ሞቼ አብሬው እስክገባ ያለኝ ነገር እሱ ነው፣ የተጻፈው።

አይ… አላለቅስም። የክር አቧራ ነው፣ ቤትሽ ሁልጊዜ ክር ነው። በሩን ግን ከፈት አድርጊው እንግዳሽ አላባቸው። ተያቸው፣ በመሐረባቸው ይጠርጉ። እንዴት ደስ ይላል፣ ላብ አሁንም አለ ለካ። እኔ ደግሞ ከዘመኑ ጋር አብሮ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ለጀማነሽ ምን አልኳት? እሁድ እመጣለሁ አልኳት። የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ነጠላዬን አጥቤያለሁ፣ ቀሚሴን ደግሞ አንቺ ታሳጥሪልኛለሽ። መድረክ ላይ ወጥቼ ግን ምን እንደምል የማውቅ ሴት አይደለሁም፤ ስብሰባ ላይ አፌ ይታሰራል። ለአንድ ሰው እንዲህ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስመርቅ ነው የሚያምርብኝ። ምርቃቱ ከተፈለገ ታዲያ ለምን እሁድን ይጠብቃል? አንቺ አሜን በይ። እንግዳሽም ቢሉ ደስ ይለኛል፤ ለማያውቁት ሰው አሜን ማለት ጽድቅ ነው።

እግዜር ያንን ሰው ጤና ይስጠው። አሜን በይ። ቤቱን ይሙላለት፣ ወዙን አያጥፋበት። በገባበት ይወደድ፣ በወጣበት ይመስገን። እንደ አስመላሽ ቸኩሎ አይሂድብን። ቀራጩ መዶሻውን ይዞ «ከስማቸው በታች ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያፍር የሚመልስለት አንድ ሰው እስኪገኝ ድረስ… ሺህ ዓመት ያኑረው።