ጨርቅ ይዘረጋል፣ አጥር ይዞራል

ሰርቦ ላይ ወደ ጅማ የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ከጋሽ አብዱልሰመድ ጋር ተገናኘን። ጅማ ሄርማታ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጡ፣ አሁን ሰርቦ ዳር የቡና ችግኝ የሚያፈሉ ሽማግሌ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፤ ምነው በጠዋቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ዙቤይዳ። ሙስዓብን ሽማግሌ ፊት ላቆመው ነው!»

ጋሽ ሙስዓብ ሄርማታ የአጥር ሽቦ ይሸጣሉ፤ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሳህን ሲበሉ ሠላሳ ዓመታቸው ነው።

«ምን አድርገው?»

«ሽቦ ሰረቀኝ! የችግኝ መደቤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስምንት ሜትር ነው። ሃያ ሜትር ገዛሁ። ሁለት ጎን አጥሮ አለቀ! በክፍቱ በኩል ፍየል ገብታ የችግኙን እኩሌታ ጋጠችው። የቀረውም ዛሬ ካልታጠረ አለቀለት።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ያነሰው ሽቦው አይደለም፤ ስሌትዎ ነው።»

«አቦ ተይኝ! ከስድስተኛ ክፍል የወጣሽ ልጅ ልታስተምሪኝ?»

«ከስድስተኛ ወጥቼ፣ ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ ከሚቀድዳቸው አሮጌ መጻሕፍት አሥረኛን ጨርሻለሁ። የእርስዎስ ጣቃ ምን አስተማረዎት?»

«ርዝመትና ወርድ! አርባ ዓመት ሌላ ጠይቄ አላውቅም።»

«ለጨርቅ ነዋ! ጨርቅ ይዘረጋል፣ አጥር ግን ይዞራል። እስቲ ፎጣዎን ያውሱኝ።»

እያጉረመረሙ ከትከሻቸው አወረዱት።

«የዚህን ዳር ዳሩን ጥልፍ ያስጠልፉልኝ ብልዎ ስንት ጎን ያስጠልፋሉ?»

«አራት ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«በርዝመቱ በኩል ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

«በወርዱስ?»

«እሱም ሁለ…» ጣታቸው ፎጣው ዳር ላይ ቀረ። «አስተግፊሩላህ!»

አንባቢዬ፣ ሽማግሌው ሞኝ አልነበሩም። ሰው የለመደው መለኪያ ሁሉን የሚለካ ይመስለዋል፤ ያልገጠመለት ዕለት ጎረቤቱን ሌባ ይላል።

«እንግዲህ ርዝመትና ወርዱን ይደምሩ፤ ከዚያ በሁለት ያባዙ።»

«አሥራ ሁለትና ስምንት፣ ሃያ። ሃያን ሁለት ጊዜ… አርባ! ወላሂ፣ ሰውዬውን በከንቱ ላዋርደው ነበር!»

ሚኒባሱ መጣ። ጅማ እስክንገባ በጣታቸው የመስኮቱን ዙሪያ ሲለኩ ነበር። ሱቁ ደርሰን ሁሉን ሲናዘዙ ጋሽ ሙስዓብ ከት ብለው ሳቁ፤ «እኔ ሌባ ከተባልኩ ፍየሏን ምን ልትላት ነበር?»

አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። እኔም እንደ አስተማሪ ደረቴን ነፍቼ፣ «በሉ፣ የቀረውን ሃያ ሜትር ይቁረጡላቸው» አልኩ።

«አሥራ ስምንት!» አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ።

«እንዴት? አርባ ብለን…»

«ሁለት ሜትሩ የእንጨት በር ነው። ወይስ አንቺ ሽቦ ዘለሽ ነው የምትገቢው፣ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ?»

ተማሪ አስተማሪውን ካስናቀ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው፤ ኮራሁባቸው።

ከዐስር ሶላት በፊት አጥሩ ገጠመ። ፍየሏ አንዴ ዙሪያውን ዞራ፣ አራቱንም ጎን አይታ፣ ጆሮዋን ጥላ ሄደች።

ዛሬ የሰርቦ ሰው ችግኝ ሊያጥር፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ጠርዝ ሊያበጅ ሲነሳ ቀድሞ ወደ ጋሽ አብዱልሰመድ ይሄዳል። ሽቦ አይጎድልበትም፣ ቡናው አይፈስበትም፣ ከሻጭ ጋርም አይጣላም። እሳቸውም ፎጣቸውን ዘርግተው ይጠይቁታል፦

«የአንተ ይዘረጋል ወይስ ይዞራል?»