አንቀልባዋን ያቃጠለችው ሴት

(በወሎ፣ የአንድ የጤና ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አቶ ይማም ጠረጴዛቸው ላይ ዝርዝር ይጽፋሉ፣ የሥነ ልቡና አማካሪው ዶክተር አንዳርጌ አጠገባቸው ቆሟል፣ ከመስኮቱ ሥር አንዲት አንባቢ ብቻ ተቀምጣለች።)

አንዳርጌ፦ አንደኛ ይሁን አላልኩም ጋሽ ይማም። አሥረኛም ቢሆን መጽሐፌ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባልኝ።

ይማም፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። አንባቢ አለ።

አንዳርጌ፦ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ ቀና እንኳ አላሉም።

ይማም፦ ስትገባ ወንበር ገፍተህ አለፍክ።

አንዳርጌ፦ ቸኩዬ ነው፣ አላየኋቸውም። እርስዎ ደግሞ አንድ ነገር አያመልጥዎትም።

ይማም፦ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

አንዳርጌ፦ ዝርዝሩ ዛሬ ይለጠፋል አሉ። ሰኞ አርባ ሠልጣኝ አማካሪ ይገባል። ዲኑን ጠየቅኳቸው፤ ለአማካሪዎችና ስለ አእምሮ ጤና ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚነበበውን የሚመርጠው ይማም ነው አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

ይማም፦ ሦስት መምህራን ሁለት ሳምንት ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ አንደኛ አለ። ዲኑ ሰለቸው። ይማም መጽሐፍ አልጻፈም፣ እሱ ይምረጥ አለ።

አንዳርጌ፦ የተማሩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው አይደል?

ይማም፦ እስከ ስምንተኛ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ ጠረግኩ። አቧራ የሚጠርግ ሰው የትኛው መጽሐፍ አቧራ እንደማይዝ ያውቃል።

አንዳርጌ፦ እንግዲያው የእኔን ያውቁታል። «ኀዘንን መሸኘት» አቧራ ይዞ አያውቅም።

ይማም፦ አያውቅም። ይህስ እውነት ነው።

አንዳርጌ፦ እስቲ ሌላ ምን መረጡ?

ይማም፦ ሁለተኛው አንዲት ነርስ ስለ ዝምታ የጻፈችው ነው። ሦስተኛው የንብ እርባታ መመሪያ።

አንዳርጌ፦ የንብ እርባታ? ለአማካሪ?

ይማም፦ ቀፎ የሚከፍት ሰው እጁን ማዝገም ይማራል።

አንዳርጌ፦ እንዲህ ነው እንግዲህ የምንመዘነው። በምን ሚዛን?

ይማም፦ ሲመልሱ አያቸዋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ያነበበ አማካሪ ሲመልስ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። መጥፎ ያነበበ ይነግረኛል።

አንዳርጌ፦ የእኔን ያነበቡትስ?

ይማም፦ ብዙ ይነግሩኛል።

አንዳርጌ፦ ጋሽ ይማም፣ እውነቱን ላውጣው። መጽሐፉ ከዝርዝሩ ከቀረ ሥልጠናውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አሥራ አምስት ዓመት የለፋሁበት ዘዴ ነው። እኔ እኮ ባዕድ አይደለሁም፤ ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ወንበር ላይ ነው ያደግኩት።

ይማም፦ ተማሪ ሳለህ ለፈተና የሚፈለገውን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላቱ ጀርባ ትደብቅ ነበር። ሌላው እንዳያነበው።

አንዳርጌ፦ ያውቁ ነበር?

ይማም፦ አቧራ ጠራጊ ነኝ አልኩህ።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?

ይማም፦ የገበሬ ልጅ ነው፣ ይለፍ አልኩ። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

አንዳርጌ፦ ለልጅነት ጥፋት ዛሬ ሊቀጡኝ ነው?

ይማም፦ ለእሱ አይደለም። እስቲ ምዕራፍ ሰባትን ንገረኝ።

አንዳርጌ፦ የወይዘሮ «ለ»ን ታሪክ? የመጽሐፉ ልብ እኮ እሱ ነው። የሦስት ዓመት ልጇ የሞተባት እናት ናት። ልጁ በሕይወት ያለ እየመሰላት ባዶ አንቀልባ አዝላ ገበያ ትወርዳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ አንቀልባውን በገዛ እጇ አቃጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳነች። አንባቢ ሁሉ የሚያለቅሰው እዚያ ላይ ነው።

ይማም፦ ስሟን ለወጥክ።

አንዳርጌ፦ እንዴታ። የሙያው ሥነ ምግባር ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን፣ ሁሉን ለወጥኩ።

ይማም፦ አንቀልባውንስ?

አንዳርጌ፦ አንቀልባው ራሱ ነው ታሪኩ። እሱን ብለውጥ ምን ይቀራል?

ይማም፦ በዚህ ከተማ ባዶ አንቀልባ አዝላ ቅዳሜ ገበያ የምትወርድ ስንት ሴት ነበረች?

አንዳርጌ፦ አንድ መሰለችኝ።

ይማም፦ አንድ። መጽሐፍህ በወጣ በወሩ የትምህርት ቤት ልጆች «አንቀልባ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። በርበሬ ትሸጥ ነበር። የማይገዛው ሁሉ በርበሬ የሚያይ መስሎ ጀርባዋን ሊያይ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ሚዛኗን ትታ ቤቷ ገባች። አሁን ቤቷን ዘግታ የምትሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷታል።

አንዳርጌ፦ ይህን አልሰማሁም። እርስዎ ከማን ሰሙ?

ይማም፦ ከራሷ። ሐዋ የእናቴ ልጅ ናት።

አንዳርጌ፦ የአባቷ ስም እኮ ሌላ ነው።

ይማም፦ አባታችን ይለያያል። የጠባነው አንድ ጡት ነው።

አንዳርጌ፦ በፈጣሪ ስም፣ አላወቅኩም። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ይማም፦ ብነግርህ የሌላ ሰው እህት ትጽፍ ነበር።

አንዳርጌ፦ ወደ እኔ ማን እንደላካት እንኳ አልነገረችኝም።

ይማም፦ እኔ ነኝ የላክኳት። ሦስት ቀን ለመንኳት። ለማያውቁት ሰው ሆድ አይገለጥም አለችኝ። እኔ ደግሞ የተማረ ነው፣ ልጅ ሆኖ አውቀዋለሁ፣ የሰማውን አያወጣም አልኳት። ቃሌን አምና ሄደች። አንተስ የመጀመሪያው ቀን ምን አልካት?

አንዳርጌ፦ ለሁሉም የምለውን ነው።

ይማም፦ በለው እስቲ።

አንዳርጌ፦ «ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ይማም፦ እናንተ ዘንድ የነፍስ አባት የሰማውን መጽሐፍ አድርጎ ያወጣዋል?

አንዳርጌ፦ አያወጣውም። የእኛ ሙያ ግን ያለ ምሳሌ አይሄድም። አንዷ ብትጎዳ ሺህ ሰው ተምሮባታል።

ይማም፦ ለሺሁ መማሪያ የአንተን እህት ለምን አልሰጠህም?

አንዳርጌ፦ ገባኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። እርስዎ ቂም ይዘው ነው መጽሐፍ የሚመርጡት።

ይማም፦ ይዣለሁ። መች ደበቅኩህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አንዳርጌ፦ ዲኑ ደግሞ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለውን አልሰሙም።

ይማም፦ ያዋሰኝ ማጭድ አይደለም። እስክሪብቶ ነው።

አንዳርጌ፦ እሄድና እነግራቸዋለሁ። ጡረታዎ ሰባት ወር ቀርቶታል አሉ፤ በዚህ ዕድሜ ባይነካኩ ይሻልዎ ነበር።

ይማም፦ ስድስት ወር ነው የቀረኝ። ሂድ። ሳትሄድ ግን ዝርዝሩን እየው። ቀለሙ አልደረቀም፣ እጅህን ሰብስብ።

አንዳርጌ፦ አንደኛ ላይ ያለው የእኔ ነው።

ይማም፦ ያንተ ነው።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ምን ያስለፈልፉኛል? ቆይ። በየመጽሐፉ ትይዩ የሚነበብበትን ምክንያት ጽፈዋል። የእኔ ትይዩ «ኅዳጉን ለማንበብ» ይላል። የእኔ መጽሐፍ የገጹ ዳር ባዶ ነው።

ይማም፦ ነበር። ሐዋ ጽፋበታለች።

አንዳርጌ፦ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ?

ይማም፦ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ። በቀይ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። እጅ ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል።

አንዳርጌ፦ ምን አለች?

ይማም፦ አንተ ልጁ በሕይወት ያለ ይመስላታል ካልክበት አጠገብ፣ «ሞኝ አይደለሁም። አጥቤ ለቀብር ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አንቀልባውን የማዝለው ጀርባዬን ስለሚበርደኝ ነው» ብላለች።

አንዳርጌ፦ ይህን ለእኔ አልነገረችኝም።

ይማም፦ እሱንም ጽፋዋለች። «አልጠየቀኝም» ትላለች።

አንዳርጌ፦ ሌላስ?

ይማም፦ አሥራ ሁለት ቀጠሮ ያልከውን ሰርዛ «አራት» ብላለች። አቃጠለችው ካልክበት ዳር ያለው አንድ ቃል ነው።

አንዳርጌ፦ ምን የሚል?

ይማም፦ «ውሸት።» በአራተኛው ቀጠሮ አምጪውና እናቃጥለው አልካት። ተነሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አንቀልባው እስከ ዛሬ ቤቷ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። እሳቱን ያነደድከው አንተ ነህ፣ በወረቀት።

አንዳርጌ፦ መጽሐፍ መጨረሻ ያስፈልገዋል ጋሽ ይማም። ተነሥታ ወጣች ብዬ ልዝጋው?

ይማም፦ አውርተኸው ቢሆን ምንም አልነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሰኞ አርባ ሰው ያንን መጨረሻ ይማርና ክብሪት ይዞ ሐዘንተኛ ቤት ይሄዳል።

አንዳርጌ፦ እርሷን ማን ያምናታል? ታማሚ እኮ ናት። ዶክተር የጻፈውንና በርበሬ ሻጭ ዳር ላይ የጫረችውን እኩል ሊያደርጉት ነው?

ይማም፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ብዬሃለሁ።

አንዳርጌ፦ ደግሞ ደንብ አለ። ያውና ግድግዳው ላይ። የተጻፈበት መጽሐፍ በውሰት አይወጣም ይላል።

ይማም፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎም አለው፣ ጨርሰው።

አንዳርጌ፦ «እዚሁ ተቀምጦ በሠራተኛው ፊት ይነበባል።»

ይማም፦ አርባዎቹ አንድ በአንድ ከዚህ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ያነቡታል። ስድስት ወር ይበቃኛል።

አንዳርጌ፦ አዲስ ቅጂ አመጣለሁ። አሥር ቅጂ፣ ንጹሕ።

ይማም፦ አምጣ። እስክሪብቶ አላት።

አንዳርጌ፦ እንግዲያው ከዝርዝሩ ያውጡልኝ።

ይማም፦ ቅድም ይግባልኝ ስትል ነበር።

አንዳርጌ፦ አሁን ይውጣልኝ እላለሁ።

ይማም፦ ለዲኑ ጻፍ፣ በገዛ እጅህ። የምዕራፍ ሰባት መጨረሻ የእኔ ፈጠራ ነው ብለህ ፈርምበት። ያኔ እሰርዘዋለሁ።

አንዳርጌ፦ እንዲያ ከጻፍኩ ሥልጠናው ብቻ አይደለም የሚቀርብኝ። ስሜ ይጠፋል።

ይማም፦ ስምህን ለውጠዋ። ለእርሷ እንደዚያ አላደረግክም?

አንዳርጌ፦ ጨካኝ ሰው ነዎት። እንዲህ አልመሰሉኝም ነበር።

ይማም፦ እኔም ለራሴ እንዲህ አልመሰልኩም ነበር።

አንዳርጌ፦ ልሂድና እርሷን ልለምናት። ዛሬውኑ። ይቅር ካለችኝ የጻፈችውን ራሷ ታጠፋዋለች። ቤቷን ይንገሩኝ።

ይማም፦ ብታያት ታውቃታለህ?

አንዳርጌ፦ ሐዋን? ከሺህ ሴት መሐል እለያታለሁ። ስለ ዓይኖቿ ብቻ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ እኮ።

ይማም፦ አንብቤዋለሁ።

አንዳርጌ፦ ቢያንስ መጽሐፉን ያሳዩኝ። የጻፈችውን በዓይኔ ልየው። የት ነው ያለው?

ይማም፦ በአንባቢ እጅ ነው። ገና አልጨረሰችም።

አንዳርጌ፦ የትኛዋ አንባቢ?

ይማም፦ ከመስኮቱ ሥር ያለችው። ስትገባ ወንበሯን የገፋኸው። አንቀልባ ስላላዘለች አላወቅካትም።